የባለ ዳማው ጋሪና የልጄ ነዳጅ

ልጄ የተመረቀችው ውሃ አጥንታ ነው ስል ሰው ይስቃል። ውሃ ምኑ ይጠናል? ይጠጣል፣ ይታጠቡበታል፣ ክረምት ሲሆን መንገድ ያበላሻል፤ በቃ። እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እንደዚያው ነበር። ዕድሜዬን ዳንግላ ላይ ጋሪ ስነዳ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከየኔታ ዘንድ ነው፤ የጎደለውን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሞላሁት። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ መንገድና ፈረስ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻዋ ልጄ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ መጥታ፣ "አባዬ፣ የእኔ ጥናት ሰም የበዛበትን ድፍድፍ ነዳጅ እጅግ በጋለና በታመቀ ውሃ ማሻሻል ነው" ስትለኝ፣ "እሰየው የኔ እናት" አልኩና ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግሁ። ያልገባኝን ነገር በምርቃት መሸኘት ልማዴ ነው።

የዚያን ሰሞን ግን በምርቃት ብቻ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ከልጆቼ አንዱ ሐዋሳ ነው፤ አንዷ አዲስ አበባ ናት፤ አንዱ ደግሞ የት እንዳለ የምናውቀው ሲደውል ብቻ ነው። ለዚችኛዋ ሁለት በር ተከፍቶላት ነበር። አንደኛው ሩቅ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ቆላ አገር ያለ ፋብሪካ ነው፤ ነይ ብሏታል። ሁለተኛው እዚሁ እንጅባራ መምህርነት ነው፤ እሱ ግን መጀመሪያ አስተምሪና እንይሽ አላት። የሙከራ ትምህርት ይሉታል። መምህራኑ ከፊት ተቀምጠው፣ ተማሪዎች ከኋላ ተደርድረው፣ የገዛ ጥናቷን እንደ አንድ ትምህርት አድርጋ ታስረዳለች። ከወደዱላት ትቀጠራለች፤ ካልወደዱላት ሻንጣዋን ይዛ ወደ ምሥራቅ። ከዳንግላ እንጅባራ ማለት ቁርስ በልተው በሚኒባስ ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት መንገድ ነው። እኔና ባለቤቴ ልጅቱ ፊት "የወደድሽውን አድርጊ" እንላለን፤ ጓዳ ስንገባ ግን የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው መበተን ሲጀምር፣ ልጄ እኔንና እናቷን በረንዳ ላይ እንደ ተማሪ አስቀመጠችን። ልትለማመድብን ነው። ሁለት ብልቃጥ አወጣች። አንዱ ሰፊ አፍ ያለው፣ የማር ዕቃ የሚያህል ነው፤ ሌላው ትንሽ፣ የመድኃኒት።

"ይኸ እንዳለ ከመሬት የወጣው ነው" አለችና ትልቁን ገለበጠችው። ጠብ አላለም። ጥቁር ቡናማ ነው፤ እንደ ረጋ ሞራ ብልቃጡን ይዞ ቀረ። "ይኸኛው ደግሞ ያው ነዳጅ ነው፤ በውሃው ካለፈ በኋላ።" ትንሿን ዘንበል ስታደርጋት ውስጧ ያለው እንደ ኑግ ዘይት ከወዲያ ወዲህ ተንሸራተተ።

"ጉድ እኮ ነው!" አለች እናቷ።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ጥሬው ነዳጅ ከመሬት ሲወጣ ትኩስ ስለሆነ ይፈስሳል፤ ረጅም ቱቦ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ግን ሰሙ ይረጋል፤ እየተጓዘ ሳለ እንደምንም ነው፤ ከቆመ ግን እንደገና ማስነሳት መከራ ነው አለች። ይኸም ገባኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የፈጠነው። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ቁጥር ሆነ። ፀሐይዋም ደስ ትል ነበር። እንቅልፍ ይዞኝ እብስ አለ።

ባለቤቴ በክርኗ ስትጎሽመኝ ነቃሁ። ልጄ ብልቃጦቹን እንደ ያዘች ታየኛለች።

"ሰማሁ እኮ" አልኩ።

"ምን ሰሙ አባዬ?"

"ስለ... ውሃው።"

"አባቴን ያስተኛሁ ማክሰኞ ተማሪ እንዴት ላነቃ ነው?" አለች። እንደ ቀልድ ጀምራው ወደ መጨረሻው ድምፅዋ ቀጠነ።

"አባትሽ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ይተኛል" አለቻት እናቷ። "በሱ አትፍረጂ።"

ልጄ ግን አልሳቀችም። ብልቃጦቹን በፌስታል ጠቅልላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻቸው። ያ መደርደሪያ ጋሪ እነዳ በነበረ ጊዜ የዕቃዬ ቦታ ነበር፤ አሁንም የጎማ መፍቻ ቁልፌም፣ ኩሽኔታ የማለሰልስበት የግራሶ ቆርቆሮዬም እዚያው ነው። ጋሪውን ጉልበቴ ሲደክም ትቼዋለሁ፤ ግራሶው ግን ለወዳጅ ይሆናል ብዬ አልጣልኩትም።

በማግሥቱ እሑድ አዲስ ቅዳም አካባቢ የዘመድ ክርስትና ነበረብንና እኔና ልጄ ማልደን ወጣን። ባለቤቴ ወገቧን ስላመማት እቤት ቀረች። በልተን ጠጥተን፣ ሕፃኑን መርቀን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። መደርደሪያውን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ጉሙ ገና ሳይነሳ ከደጃችን የጋሪ ድምፅ ሰማሁ። ባለ ዳማው ነው። ባለ ዳማው ከጎረምሳነታችን ጀምሮ አብረን የነዳን ወዳጄ ነው። ዳማ ፈረስ ስላለው ሰው ሁሉ እንዲያ ይለዋል፤ ያ ፈረስ ሞቶበት ሌላ ሲገዛም ገበያውን አዳርሶ ዳማ ነው የፈለገ፤ መጠሪያው እንዳይጠፋበት። እስከ ዛሬም ባጃጆቹን እየተራገመ ይነዳል። ሲቆጣ አማርኛው አይበቃውም፤ ወደ አዊኛ ይሻገራል። ያን ጠዋት ከበሩ የገባው በአዊኛ ነበር። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦

"አንተ ሰው፣ እንዴት ያለ ግራሶ ነው የምታስቀምጠው?"

"የምን ግራሶ?"

"ትናንት ከመደርደሪያህ የወሰድኩታ! ቆርቆሮህን ባየው ወዳጅ ሁሉ ጠርጎ ባዶ አድርጎታል። ከጎኑ በፌስታል የተጠቀለለ ብልቃጥ ሙሉ አለ። ጥሩ ጥሩውን ለራሱ ደብቋል ብዬ ታዝቤህ ነበር፤ ለካስ የደበቅኸው ለጠላት ኖሯል!"

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "ግራሶ አለ ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ መደርደሪያው ላይ እይ አልኩህ እንጂ ብልቃጥ ውሰድ መች አልኩህ?"

"እትዬ፣ እኔ ያየሁት ግራሶ ነው። መልኩ ግራሶ፣ ሽታውም ዘይት ዘይት፤ ምን ልበለው፣ ማር ነው?"

"እና ምን ሆነ?" አልኩት፤ ዓይኔ ግን መደርደሪያው ላይ ነበር።

"ምን ያልሆነ አለ! ትናንት በፀሐዩ ጎማው እንደ ቅቤ ዞረ፤ መረቅሁህ። ዛሬ ጠዋት ፈረሱን ጠመድኩ፤ ሂድ አልኩት። ሳበ፤ ቆመ፤ ዞሮ አየኝ። ፈረሱ ነው የምልህ፣ ዞሮ አየኝ! ወርጄ ገፋሁለት። አንዴ ከተነሳ በኋላ ኩሽኔታው እየሞቀ፣ እየላላ፣ ደህና ሄደ። መናኸሪያ ደርሼ ሰው እስካገኝ ቆምኩ፤ በዚያ ብርድ እንደገና እንቢ! አንዲት ሴትዮ ከነሻንጣዋ ተሳፍራ ስታበቃ ወርዳ ባጃጅ ያዘች። ባጃጅ! ዓይኔ እያየ!"

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ትንሿ ብልቃጥ በቦታዋ ናት። ትልቁ ግን በጣት ተጠርጎ፣ ጥግ ጥጉ ብቻ ጠቁሮ ቀርቷል። ያ ነዳጅ ከጎረቤት አገር በስንት ፈቃድ የመጣ ነው፤ ለልጄ የሰጧት አስተማሪዋ ከቀረቻቸው ጥቂት ላይ ቀንሰው ነበር። ሌላ የለም። የሙከራ ትምህርቱ ደግሞ ነገ ነው።

አፏን በእጇ ያዘች። ባለ ዳማው ቁጣው ጠፋና ኮፍያውን አወለቀ። ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ አንድ ነገር እንዳጠፋ ግን ገብቶታል።

"ጋሼ" አለችው ቀስ ብላ፣ "እስቲ እንደገና ይንገሩኝ። ሲሄድ ደህና ነበር?"

"ደህና ነበር።"

"እንቢ ያለው ሲቆም ነው? ከቀዘቀዘ በኋላ?"

"አዎን፣ ልጄ። ምን ላድርግ፣ ልክፈል? ምን ልተካ?"

ልጄ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ኋላ በሙሉ አፏ፤ ወገቧን ይዛ ደረጃው ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። "አባዬ፣ ቱቦው ይኸው! ይኸን ለማስረዳት ቅዳሜ ያን ሁሉ ለፈለፍኩ፤ ጋሼ በጋሪ ነድተውት መጡ!"

ባለ ዳማው እኔን አየኝ። "ደህና ናት?" አለኝ በአዊኛ።

"ደህና ናት መሰለኝ" አልኩት።

ከዚያ ጎማውን መፍታት ሆነ። ባለ ዳማው "ጥሩ ግራሶ ነው ብዬ ግራውን ጠቅጥቄለታለሁ" ስላለ በግራው ጀመርን። የጎማውን ቆብ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መታ መታ አድርጎ ነቀለው። ቆቡ ውስጥ ነዳጁ እንደ ረጋ ሙሉ ነው። ዳር ዳሩ ከአሮጌው ግራሶ ጋር ተቀላቅሎ ጠቁሯል፤ መሐሉ ግን መልኩን አልለቀቀም። ልጄ ገለበጠችው። አልወደቀም። "ይበቃኛል" አለች።

ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ እያጠብን ሳለ ባለ ዳማው ጠየቃት። "ለመሆኑ ይኸን ነገር እሳት ላይ ብትጥጂው አይበቃም? ሞራ አይደል?"

"በእሳት ብቻ ይቀልጣል ጋሼ፣ ሲበርደው ተመልሶ ይረጋል። እሳቱን ካበዙበት ደግሞ ያርርና ከሰል ይሆናል። እኔ ያደረግሁት ወፍራም ብረት ዕቃ ውስጥ ከውሃ ጋር አግብቼ፣ አፉን በብሎን ጠርቅሜ ማጋል ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ፣ ሙቀቱም ግፊቱም ከልክ ሲያልፍ፣ ውሃ መሆኑ ይቀራል።"

"እንፋሎት ይሆናላ።"

"እንፋሎትም አይሆንም።"

ባለ ዳማው ቁልፉን መሬት አስቀመጠ። "ውሃ አይደለም፤ እንፋሎትም አይደለም። በቅሎ ነው በይኛ!"

"ምን አሉ?"

"ፈረስ አይደለች፣ አህያ አይደለች። አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ግን እንደ ፈረስ ትጋለባለች፣ እንደ አህያ ትጫናለች።"

ልጄ እጇ በጋዝ እንደ ተነከረ ቀና ብላ አየችው። "እንደ እንፋሎት በየቀዳዳው ይገባል፤ እንደ ውሃ ያሟሟል። እንዲያውም ከውሃ ይብሳል፤ ዘይት ይሟሟለታል።"

"ዘይትና ውሃማ አይዋደዱም" አልኩ እኔ።

"እዚያ ሙቀት ላይ ይዋደዳሉ አባዬ።"

"እኔንና አባትሽንም አይዋደዱም ይሉን ነበር" አለች ባለቤቴ ከጓዳ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ባለ ዳማው እንደዚያ ሲስቅ ፈረሱ ጆሮውን አቆመ።

ልጄ አሁን አልቸኮለችም። እያጠበች ነው የምትናገረው፤ እጇ ሲያዘግም አፏም አዘገመ። ሰሙ እንደ ረጃጅም ክር ነው አለች፤ ክሮቹ ሲበርዳቸው ተደራርበው ይተኛሉ፤ የሚረጋውም ለዚያ ነው። ሙቀቱ ክሮቹን ይበጣጥሳቸዋል። የተበጠሱት ቁርጥራጮች ግን እንዳገኙ የሚናከሱ ናቸው፤ ከተያያዙ ከሰል ነው የሚሆኑ። ውሃው መሐል ለመሐል ገብቶ አንዱን ካንዱ ያርቃል።

"ገላጋይ ነዋ" አልኩ።

"ገላጋይ..." አለች፤ ቃሉን እንደምትቀምሰው ሁሉ። "አዎ፣ ገላጋይ ነው። ከራሱም ቆርሶ ይሰጣቸዋል የሚሉ አሉ፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ገና ያከራክራል። እኔም አላውቀውም።"

እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም። እንዲያውም ሌላው ጎማ ቶሎ ታጥቦ እንዳያልቅ ቀስ እያልኩ ነበር የማጥብ።

ማክሰኞ ባለ ዳማው አዲስ ጋቢ ለብሶ መጣ። ያጠፋሁት እኔ ነኝና ቆቡን ራሴ ተሸክሜ አደርሳለሁ አለ፤ ቢሉት ቢሠሩት እንቢ። ሚኒባስ ውስጥ በፌስታል ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ታቀፈው። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር ዞር እያለች አሸተተች።

"አባቴ፣ ምንድን ነው የያዙት?"

"ትምህርት ነው" አላት።

እንጅባራ ስንደርስ ካፊያው ይዘንማል፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ባለ ዳማው ቆቡን ዳሰሰና "ድንጋይ ሆኗል፤ ብርዱን እግዚአብሔር ይስጠው" አለ። ልጄ ተቀብላው ገባች። እኛ ከጥበቃው ጎጆ ሥር ቆምን። ክፍሉ ሩቅ አልነበረም፤ ቃሉ ባይሰማም ድምፁ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ጸጥታ ነበር። ከዚያ አንዴ ሳቅ ፈነዳ፤ የብዙ ሰው ሳቅ።

"በቅሎዋ ናት" አለኝ ባለ ዳማው።

"ፈረሱ ዞሮ ያየህ ጊዜ ነው" አልኩት።

እንወራረድ ስንባባል እንደገና ጸጥ አለ፤ ያኛው ጸጥታ ግን ረዘመ። ልጄ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። እስክትነግረን ጠበቅን። ሚኒባሱ አስፋልቱን ከያዘ በኋላ ነው የጀመረችው።

"አንደኛው መምህር፣ ከፍ ያሉት፣ ቆቡን አገላብጠው አዩና 'ይኸ ናሙና አይባልም፤ ከሌላ ቅባት ጋር ተቀላቅሏል' አሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

"እውነት ነው አልኳቸው። ልኬቶቼን የወሰድኩት ከዚህ አይደለም፤ ይኸን ያመጣሁት ሲረጋ እንዴት እንደሆነ እንድታዩት ብቻ ነው አልኩ። እሳቸውም ጻፉ። ሌላም ጠየቁኝ፤ ውሃው ከራሱ ስንቱን ይሰጣል አሉ። አላውቅም አልኩ። እሱንም ጻፉ።"

ባለ ዳማው አንገቱን ደፋ። "አጠፋሁብሽ ልጄ።"

"አይበሉ ጋሼ። ተማሪዎቹ እኮ ፈረሱ ዞሮ አየኝ ስል በሳቅ ሞቱ። አንድም የተኛ የለም።" ይኸን ያለችው እሱን ለማጽናናት እንደሆነ ገባኝ፤ እንዲህ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ፋብሪካው ደግሞ በማግሥቱ ደወለ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቁርጡን አሳውቂን አሏት። ልጄ ልብሷን ማጠብ ጀመረች። የሚጓዝ ሰው ነው እንዲያ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያጥበው። እናቷ በሶ አዘጋጀች፤ በሶውም ለመንገድ የሚሆን ነበር።

ዓርብ ጠዋት ልጄ ፀጉሯን ስትታጠብ ስልኳ ጮኸ። እኛ ቤት ኔትወርክ ደህና የሚሆነው አጥሩ ጥግ ነው፤ ስልኩም እዚያ ነበር። አነሳሁት። የወንድ ድምፅ ነው። የልጄን ስም ጠርቶ አባቷ እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

"ነኝ። እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። የምደውለው ከእንጅባራ ነው፤ ስለ..."

"እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች ደህና ናቸው? እንጅባራ ብርዱ ቀነሰ?"

በእኛ አገር ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ጉዳይ መግባት ጫማ ሳያወልቁ ቤተ ክርስቲያን እንደ መግባት ነው። ሰውዬውም ያደገ ነው፤ አንድ በአንድ መለሰልኝ። ልጄ አረፋው ከፀጉሯ እየወረደ ብቅ አለች። ማን ነው? አለች በእጇ። እንጅባራ አልኳት በከንፈሬ። ይጠይቁት! ይጠይቁት! ብላ እጇን አርገበገበች፤ አረፋው ተረጨ። ቆይ አልኳት፤ የሰውዬው አነጋገር አንድ ነገር ነግሮኛል።

"አማርኛዎ የእኛ አገር ይመስላል። ከወዴት ነዎት?"

"ከአዘና ነኝ አባቴ" አለ፤ ሳቀ።

"ከአዘና! የማን ልጅ ነህ?"

ይኸን ጊዜ እርስዎው ቀረ፤ አማርኛውም ቀረ። በአዊኛ የአባቱን ነገረኝ፤ አላወቅሁትም። የአያቱን ሲነግረኝ አወቅሁ። ፈረስ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ወጣት ሳለሁ ጥርስ አይተው ዕድሜ ሲናገሩ አዘና ገበያ ላይ ቆሜ ሰምቻቸዋለሁ። ይኸንኑ ነገርኩት።

"አባቴ" አለ ቀጥሎ፣ "ቆቡን ናሙና አይባልም ያልኳት እኔ ነኝ።"

"እ..." አልኩ።

"አሁንም ናሙና አይባልም። ግን እውነት ነው አለችኝ፤ የማታውቀውንም አላውቅም አለች። እንዲህ ያለ መምህር ነው የምንፈልገው። ተማሪዎቹ ደግሞ በቅሎ በቅሎ እያሉ ሰነበቱ። ሰኞ ትምጣ።"

"ሰኞ?" አልኩ ጮክ ብዬ።

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገኝም። ልጄ እልል አለች፤ እናቷ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ከጓዳ ተቀበለቻት፤ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ልጄ በሳሙና እጇ አንገቴን አቅፋ ስልኩን ከጆሮዬ ነጠቀችኝና "አቤት! አመሰግናለሁ! እመጣለሁ!" ትል ጀመር። ደስታዋ ደስታዬ ነው፤ ጋቢዬም በአረፋ ርሶ ግድ አልሰጠኝም። ግን እኮ የከብቱንና የአዝመራውን ገና አልጠየቅሁትም ነበር።